ብድሩ አለ፣ ቤቱ የት አለ?

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ቤት መግዛት ሲጫወቱ ወሬው ቶሎ ብሎ ዳውን ፔይመንት ላይ ያርፋል። ሥራው አለ፣ ክሬዲቱም ደህና ነው፤ የሚቸግረው በአንድ ጊዜ የሚቀርበው ገንዘብ ነው። ለ200,000 ዶላር ቤት 20 ከመቶ ማስያዝ ማለት 40,000 ዶላር ነው። ኤፍኤችኤ በሚባለው፣ መንግሥት በሚዋሰው የቤት ብድር በኩል ቢኬድ እንኳ 3.5 ከመቶው 7,000 ዶላር ይሆናል፤ በየወሩ ለአገር ቤት ለሚልክ ሰው ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም። በገጠር ካውንቲ ለሚኖር ግን ዳውን ፔይመንት ጨርሶ የማይጠይቅ የመንግሥት ብድር አለ። የሚሰጠውም በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር፣ በተለምዶ ዩኤስዲኤ በሚባለው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ለገበሬ ብቻ ይመስለዋል እንጂ ተበዳሪው ማረስ አይጠበቅበትም፤ እንዲያውም ገቢ የሚያስገኝ እርሻ በዚህ ብድር አይገዛም። ታዲያ እንዲህ ያለ ዕድል እያለ በትንንሾቹ ከተሞች ለዓመታት የሠሩ ቤተሰቦች ለምን ተከራይተው ይኖራሉ? መልሱ የመረጃ እጥረት ብቻ አይመስለኝም። ብድሩ የሚመረምረው የሰውየውን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ቦታውን፣ ቤተሰቡንና ራሱን ቤቱንም ነው። በገጠር ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈተናውን የሚወድቀው ሰውየው ሳይሆን ቤቱ ነው።

የብድሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የቤቶች ሕግ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የታሰበው ለአራሾች ነበር፤ በ1961 ግን ገበሬ ላልሆነውም የገጠር ነዋሪ ተከፈተ። ዛሬ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሚኒስቴሩ ራሱ የሚያበድረው ቀጥታ ብድር ነው። ይህ ዝቅተኛና በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሲሆን መክፈያው 33 ዓመት፣ ለአንዳንዶቹም 38 ዓመት ነው፤ እንደ ቤተሰቡ ገቢ በሚሰጥ ድጎማም ወለዱ እስከ 1 ከመቶ ሊወርድ ይችላል። ድጎማው ግን ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ባለቤቱ ሲለቅ ከፊሉ ሊመለስ ስለሚችል ሲፈርሙ ማወቅ ይገባል። ሁለተኛው ዋስትና ያለው ብድር ነው። እዚህ ገንዘቡን የሚያወጣው ባንክ ወይም የሞርጌጅ ኩባንያ ሲሆን መንግሥት እስከ 90 ከመቶ ድረስ ይዋሳል። ወለዱ ለ30 ዓመት አይለወጥም፤ ተበዳሪው ለዋስትናው መጀመሪያ 1 ከመቶ፣ ከዚያም በየዓመቱ ከቀሪው ዕዳ 0.35 ከመቶ ይከፍላል። ለ200,000 ዶላር ብድር ይህ ማለት ወደ ብድሩ ሊደመር የሚችል 2,000 ዶላር፣ ከዚያም በመጀመሪያው ዓመት በወር 58 ዶላር ገደማ ነው። በኤፍኤችኤ ያው የመጀመሪያው ክፍያ 1.75 ከመቶ መሆኑን ላስተዋለ፣ ልዩነቱ ዳውን ፔይመንት በመቅረቱ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ተበዳሪው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ ይህ በር ክፍት ነው። ሌላ ዓይነት የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ደንቡ ስለሚለዋወጥ ቤት ከማየቱ በፊት አበዳሪውን ይጠይቅ።

ቦታው ብቁ የሚሆነው በሕዝብ ቁጥር ነው። ከ2,500 ሰው በታች የሆኑ፣ ከትልቅ ከተማ ጋር ያልተያያዙ መንደሮች በቀጥታ ይገባሉ፤ እስከ 10,000 የሚደርሱት የገጠር ጠባይ ካላቸው ይገባሉ፤ ከ10,000 እስከ 20,000 ያሉት ደግሞ ከትላልቅ ከተሞች ክልል ውጭ ሆነው ነዋሪያቸው የቤት ብድር በቀላሉ የማያገኝ መሆን አለበት። ቀድሞ ገጠር ተብለው ተመዝግበው እስከ 35,000 ያደጉ አንዳንድ ከተሞችም እስከ 2030 ሕዝብ ቆጠራ ድረስ እንዲቆዩ ተፈቅዶላቸዋል። የሚቆጠረው አድራሻው እንጂ ካውንቲው በጅምላ ስላልሆነ፣ ሚኒስቴሩ በኢንተርኔት ባስቀመጠው ካርታ ላይ የቤቱን አድራሻ አስገብቶ ማየት ከሰው አፍ ከመስማት ይሻላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የደቡብ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ለምሳሌ በ2020 ቆጠራ ከ190,000 በላይ ሕዝብ ስለነበራት ከተማዋ ከዚህ ብድር ውጭ ናት። ከእሷ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ገደማ ቢነዳ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እዚያ የሚደርሱበት ኖብልስ ካውንቲ ይባላል። በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአዮዋ ጋር በሚዋሰን ሜዳ ላይ ያለ፣ በቆሎና አኩሪ አተር የሚመረትበት፣ አሳማ የሚረባበት አገር ነው። በ2020 መላው ካውንቲ 22,290፣ ዋና ከተማው ዎርዚንግተን ደግሞ 13,947 ሰው ነበረው። በዙሪያው ያሉ ብዙ የእርሻ ከተሞች ሲመነምኑ ዎርዚንግተን ያደገችው በጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ምክንያት ነው። ሥራው ከባድ ቢሆንም ብዙ እንግሊዝኛ ስለማይጠይቅ ከላቲን አሜሪካ፣ ከላኦስ፣ ከበርማ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ሰፍረውበታል። የኑሮውን ነገር ለመረዳት ግን ደመወዙን ብቻ ማየት አይበቃም። አውቶብስ እንደ ትልቅ ከተማ ስለማይገኝ ባልና ሚስት የተለያየ ሺፍት ከገቡ ሁለት መኪና የግድ ነው። ከበድ ያለ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው ጉዞ አለ። ውኃ እንኳ ለረጅም ጊዜ ዋስትና አልነበረውም፤ ከተማዋ የጉድጓድ ውኃዋ በድርቅ እየቀነሰባት ትቸገር ነበር። ከሚዙሪ ወንዝ ዳር ውኃ እየሳበ ለሦስት ስቴቶች የሚያከፋፍለውን የሉዊስና ክላርክ የውኃ መስመር ኮንግረስ የፈቀደው በ2000 ሲሆን ዎርዚንግተን የደረሰው በ2018 ነው። ውኃ በሌለበት ሰፈር አይስፋፋም፤ ስለዚህ ይህ መዘግየት የቤት ጉዳይም ነበር።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንግባ፤ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነውና። ዋስትና ያለው ብድር የገቢ ጣሪያ አለው። በ2025 በአብዛኞቹ ካውንቲዎች ከ1 እስከ 4 ሰው ላለበት ቤት በዓመት 119,850 ዶላር፣ ከ5 እስከ 8 ሰው ላለበት 158,250 ዶላር ነበር። ቁጥሩ በየጊዜው ይታደሳል፤ ሁሌም የማይለወጠው ግን አቆጣጠሩ ነው። የሚደመረው ብድሩን የሚፈርሙት ሰዎች ገቢ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቤት የሚኖሩ አዋቂዎች ሁሉ ገቢ ነው። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በሰዓት 22 ዶላር እየተከፈላቸው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩ ሁለቱ በድምሩ በዓመት 91,520 ዶላር ያገኛሉ፤ ከጣሪያው በታች ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው እንበል። የባል ወንድም መጥቶ አብሯቸው ቢኖርና በዚያው ደመወዝ ቢሠራ ድምሩ 137,280 ይሆንና ቤተሰቡ ከጣሪያው በላይ ይወጣል። ወንድምየው ብድሩ ላይ ካልፈረመ ደግሞ ገቢው ለመክፈል አቅም አይቆጠርላቸውም። በሌላ በኩል ሁለተኛ ልጅ ቢወለድ የቤቱ ሰው አምስት ስለሚሆን ጣሪያው ወደ 158,250 ከፍ ይልና ያው ቤተሰብ፣ ያው ገቢ፣ ብቁ ይሆናል። ለልጆችና ለሕፃናት ማቆያ የሚቀነስ ሂሳብም ስላለ፣ በስልክ «ገቢያችሁ በዝቷል» የተባለ ሰው ቅናሹ ተሠርቶለት እንደሆነ ሳይጠይቅ መመለስ የለበትም። ሕጉ የተጻፈው ባልና ሚስትን ከልጆቻቸው ጋር እያሰበ ነው፤ ወንድም፣ እናትና የአጎት ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እየተደጋገፉ የሚኖሩበትን ቤት እንደ ሀብታም ቤት ይቆጥረዋል። ይህን ጉድለት እንደ ጉድለት መናገር ይገባል፤ አንድ ላይ መኖራቸው ኪራይ ስለተወደደ እንጂ ገንዘብ ስለተረፋቸው አይደለምና።

የመክፈል አቅም መለኪያውም የገጠሩን ኑሮ አያውቅም። በጥቅሉ የቤቱ ወርሃዊ ወጪ ከነግብሩና ከነኢንሹራንሱ ከጠቅላላ ገቢ 29 ከመቶ፣ ሌላው ዕዳ ሁሉ ሲደመር ደግሞ 41 ከመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ ጥሩ ክሬዲት ያለው ከዚያ ትንሽ ሊያልፍ ይችላል። ከላይ ያሉት ባልና ሚስት በወር 7,627 ዶላር ገደማ ስለሚያገኙ ለቤቱ እስከ 2,212፣ ለዕዳ ሁሉ እስከ 3,127 ይፈቀድላቸዋል። ለሁለት መኪና በወር 1,400 ዶላር የሚከፍሉ ከሆነ ግን ለቤት የሚቀራቸው 1,727 ብቻ ነው። በትልቅ ከተማ አንዱ መኪና ይቀር ነበር፤ እዚህ ግን መኪናው ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። ትራክ የሚነዳ፣ የራሱ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። አበዳሪው በአብዛኛው የሁለት ዓመት ታክሱን ያይና ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የቀረውን ትርፍ ብቻ እንደ ገቢ ይይዛል፤ ታክስ ለመቀነስ የተጻፈው ወጪ ቤት በሚገዛበት ዓመት ይቆጠርበታል። እቁብ የወጣለት ሰውም ለክሎዚንግ (ግዢው ሲጠናቀቅ ለሚከፈለው ወጪ) የሚሆነውን ገንዘብ በአንድ ቀን ባንክ ካስገባ ምንጩን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። እቁቡ ሕገ ወጥ ሆኖ አይደለም፤ በየወሩ የከፈለበትን የሚያሳይ ወረቀት ካለው መልስ አለው፣ ሁሉን ነገር በጥሬ ገንዘብ ከሠራ ግን መልሱ ይከብደዋል።

ይህን ሁሉ አልፎ ብቁ የተባለ ቤተሰብ ቀጥሎ የሚገጥመው ቤቱን ነው። ሚኒስቴሩ ቤቱ ደህናና ንጹሕ፣ ለኑሮም አደጋ የሌለው እንዲሆን ያዛል፤ ትእዛዙም ትክክል ነው። ጣራው የሚያፈስ፣ ማሞቂያው የማይሠራ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ያረጀ ቤት አይያዝም፤ በሚኒሶታ ክረምት ማሞቂያ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። ከከተማው መስመር ውጭ ያለ ቤት የራሱ የውኃ ጉድጓድና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ስላለው ሁለቱም ይመረመራሉ። የጉድጓዱ ውኃ ለባክቴሪያና ለናይትሬት ይፈተሻል። ናይትሬት ከማዳበሪያና ከእንስሳት ፍግ እየሰረገ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚገባ ነገር ሲሆን፣ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን አደገኛ ነው። ጣዕምም ሽታም የለውም፤ ቢያፈሉትም አይጠፋም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን መጠኑ ይጠነክራል። በቆሎና አሳማ በሞላበት አገር ይህ ምርመራ ወረቀት ለመሙላት ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ላይ የእርሳስ ቀለም ሊኖር ስለሚችል ሻጩ የሚያውቀውን እንዲናገር ሕግ ያስገድደዋል። እንግዲህ በትንሽ ከተማ በርካሽ የሚገኘው ቤት ብዙ ጊዜ ይኸው አሮጌው ነው። ሻጩ ለማደስ ገንዘብ የለውም፤ ገዥውም ብድሩ ሳይፈቀድለት በሰው ቤት ላይ ማውጣት አይችልም። መጨረሻ ላይ ቤቱን የሚወስደው ምርመራ የማይጠይቀው ባለ ጥሬ ገንዘብ ገዥ ነው፤ እሱም ያከራየዋል። ቤቱን መግዛት ይችል የነበረው ቤተሰብ በዚያው ቤት፣ ከነጉድለቱ፣ ተከራይ ሆኖ ይገባል። ደንቡ ከአደጋ ሊጠብቀው የነበረውን ሰው ተመልሶ አደጋው ውስጥ ያስቀመጠው በዚህ መንገድ ነው።

«ታዲያ አዲስ ቤት ለምን አይሠራም?» ለሚል ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። እንጨቱ፣ ሲሚንቶውና የባለሙያው ዋጋ በትንሽ ከተማ ከትልቁ ብዙም አይረክስም፤ ቤቱ ሲያልቅ የሚገመተው ግን በአካባቢው በቅርቡ በተሸጡት አሮጌ ቤቶች ዋጋ ነው። ቤት ሠሪው 300,000 ዶላር አውጥቶ ቤቱ 250,000 ከተገመተ ባንክም አያበድርበትም፣ እሱም ደግሞ አይሠራም። ፈላጊ ሞልቶ፣ ሥራ ሞልቶ፣ ብድር ተዘጋጅቶ ቤት የማይኖረው ለዚህ ነው። በኖብልስ ካውንቲ የአካባቢው አስተዳደር አዲስ ለሚሠራ ቤት የንብረት ግብሩን ለተወሰኑ ዓመታት የሚያነሣ ማበረታቻ ዘርግቷል፤ ጥሩ ጅምር ነው፣ ያን የዋጋ ክፍተት ግን ብቻውን አይሞላም። የፌዴራሉን በጀት ያየ ሰው ገንዘቡ ወዴት እንዳደላ ይረዳል። ለ2024 የበጀት ዓመት ኮንግረስ ለዋስትናው ብድር 25 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቅድ ለቀጥታው የፈቀደው 880 ሚሊዮን ነው። ዋስትናው በአብዛኛው በተበዳሪዎች ክፍያ ራሱን ስለሚችል መንግሥትን ብዙ አያስወጣውም፤ ስለዚህ እሱን ማስፋት ቀላል ነው። ነገር ግን ዋስትናው፣ ያለውን ቤት የሚገዛ ገዥ ይጨምራል እንጂ የሌለውን ቤት አያመጣም።

ቤት የሚያመጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ትንንሽ ናቸው እንጂ። ከሁሉ ልብ የሚነካው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደቦን የሚያስታውሰው የራስ አገዝ ግንባታ ነው። ጥቂት ቤተሰቦች በቡድን ተደራጅተው፣ አንድ ድርጅት የግንባታ ኃላፊ መድቦላቸው፣ ማታ ማታና በሳምንት መጨረሻ አንዱ የሌላውን ቤት ይሠራል፤ ከጉልበቱ ቢያንስ 65 ከመቶው የራሳቸው ነው፣ የሁሉም ቤት ሳያልቅ ማንም አስቀድሞ አይገባም። ለዕቃውና ለቦታው የሚሆነው ገንዘብ ከቀጥታው ብድር ይመጣል፤ ላባቸውም በቤቱ ላይ እንደ ራሳቸው ድርሻ ይቆጠርላቸዋል። ይህ በቀጥታ ያንን የዋጋ ክፍተት ይመታዋል፤ በግንባታ ውስጥ አንዱ ትልቅ ወጪ ጉልበት ነውና። ለአሮጌው ቤት ደግሞ በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላለው ባለቤት እስከ 40,000 ዶላር ድረስ በ1 ከመቶ ወለድ ለ20 ዓመት የሚሰጥ የእድሳት ብድር፣ ዕድሜው 62 ለሞላና ብድር መክፈል ለማይችል እስከ 10,000 ዶላር ስጦታ አለ። በ10,000 ዶላር ዛሬ ጣራ መቀየሩም አጠራጣሪ ነው። የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፦ የገጠሩን ኑሮ ለማሻሻል ከተፈለገ ክብደቱ ከገዥው ወደ ቤቱ መዞር፣ ለግንባታና ለእድሳት የሚሰጠው ገንዘብም ብዙ እጥፍ ማደግ አለበት።

ይህን የሚቃወም ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር ሊያነሣ ይችላል። አንደኛው ያለ ዳውን ፔይመንት ማበደር የ2008ን የቤት ብድር ቀውስ ይደግማል የሚል ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ የዚያን ጊዜውን ጥፋት ያባባሱት ግን ገቢያቸው ሳይጣራ የተሰጡ ብድሮችና ከዓመታት በኋላ የሚዘል ወለድ ነበሩ። እዚህ ገቢው በወረቀት ይጣራል፣ ወለዱ አይንቀሳቀስም፣ ገዥው ራሱ ሊኖርበት ይገባል። እርግጥ ነው፣ ዳውን ፔይመንት ያልከፈለ ሰው የቤቱ ዋጋ ትንሽ ቢወርድ ዕዳው ከቤቱ ይበልጥበታል። ሁለተኛው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል፤ በአንድ ፋብሪካ በሚተዳደር ከተማ ቤት መግዛት ሰውን ከፋብሪካው ጋር ማሰር ነው ይላል። ይህን ተቃውሞ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ፋብሪካው ቢዘጋ ሥራውና የቤቱ ዋጋ በአንድ ቀን ይወድቃሉ። ስለዚህ የተፈቀደልህን ሁሉ ተበደር አልልም፤ ባልና ሚስት ከሚያገኙት አንዱ ደመወዝ ብቻ ሊሸከመው የሚችል ቤት ይሻላል። ኪራይም ቢሆን ከፋብሪካው አያላቅቅም፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ተከራዩ ቤቱን ለቆ ባዶ እጁን ይሄዳል፣ ለ10 ዓመት የከፈለ ባለቤት ግን ከዕዳው የቀነሰው ነገር አለ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከነባሮቹ ነዋሪዎች የሚመጣ ነው፤ ሕዝብ ሲጨምር ትምህርት ቤቱም፣ ፍሳሹም፣ መንገዱም ይጨምራል፤ ግብሩን የምንከፍለው ግን እኛ ነን ይላሉ። በዎርዚንግተን ይህ በግልጽ ታይቷል። ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ በላይ ሆኖ ሳለ ትምህርት ቤት ለመሥራት የቀረበውን የቦንድ ጥያቄ መራጮች ደጋግመው ውድቅ አድርገው በመጨረሻ በ2019 በጠባብ ልዩነት አጸደቁት። ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ ግብሩ በመሬቱ ልክ ስለሚከብደው ቅሬታውን ከጥላቻ ብቻ የመጣ አድርጎ መናቅ ፍትሐዊ አይደለም። ሆኖም ተከራዩም ግብሩን በኪራዩ ውስጥ ይከፍላል፤ የቤት ባለቤት ሲሆን ደግሞ በስሙ ይከፍላል፣ በጉዳዩም ላይ ድምፁ ይሰማል። ቤት የሚያገኙ ሠራተኞች ከሌሉ ደግሞ አሳማውን የሚረከበው ፋብሪካ ሰው ያጣል፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ ከገበሬው ደጅ ይደርሳል።

በዚህ አካባቢ ቤት የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሥራውን ከቤት ማየት ባይጀምር ጥሩ ነው። በመጀመሪያ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን አዋቂዎች ሁሉ ገቢ ደምሮ፣ ቅናሹን አስልቶ፣ ከዓመቱ ጣሪያ ጋር ያስተያይ። ቀጥሎ አድራሻውን በካርታው ላይ ይይ። አንድ አበዳሪን ብቻ ሳይሆን የሚኒስቴሩንም የአካባቢ ጽሕፈት ቤት ስለ ቀጥታው ብድር ይጠይቅ፤ ባንኩ የሚሸጠው የራሱን ስለሆነ ያኛውን ሊያነሣለት አይገደድም። ጉድጓድና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ያለበት ቤት ከሆነ የምርመራው ውጤት መጥፎ ከሆነ ውል የሚያፈርስበት መብት በውሉ ውስጥ ይጻፍለት። የቤቶቹን ቁጥር የሚወስነው ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ቦታ ነው፦ አዲስ ሰፈር የት እንደሚከፈት፣ የውኃና የፍሳሽ መስመሩን ማን ከፍሎ እንደሚዘረጋው የሚወሰነው በከተማው ምክር ቤትና በካውንቲው ቦርድ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ በሕዝብ አስተያየት ሰዓት ለመናገርም ዜግነት አይጠየቅም።